የአውሮፕላን ቡሎን ምንድን ነው?

አጂፕ አካባቢ ባጃጅ የሚጠግን አንድ ልጅ ሰሞኑን ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ አውሮፕላንም እንደ ባጃጅ በቡሎን ነው እንዴ የሚታሰረው?» ጥርሱ የተበላ ቡሎን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው የቡሎን ጣሳውን ይበረብር ነበር። የምትመስለውን አንዷን አነሳ። ሞከራት፣ ገባች፣ አጠበቃት፣ አለቀ።

አዎ፣ በቡሎን ይታሰራል። እንዲህ ያለ ጣሳ ግን አውሮፕላን አጠገብ ድርሽ አይልም።

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ ምስማር አይፈልግም። አውሮፕላን እንደዚያ አይሠራም። ቦይንግ 747-400 ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ ክፍሎች አሉት፣ ከዚያ ውስጥ ግማሹ ማያያዣ ነው። ብዙው ሪቬት ነው፣ ጫፉ ተመትቶ የሚጠፈጠፍ ጥርስ የሌለው ምስማር ማለት ነው፤ አንዴ ከተመታ ሳይሰበር አይወጣም። ቡሎንና ዳዶ የሚገቡት ደግሞ ለጥገና መፈታት ባለበት ቦታ ወይም ከባድ ጭነት ባለበት መጋጠሚያ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ቡሎን የሚይዘው ጥርሱ ከዳዶው ጋር ስለተነካከሰ ብቻ ይመስለዋል። የጥርሱ ሥራ መሳብ ነው። ዳዶውን ስታጠብቁ ቡሎኑ በዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል፣ ብረት ቢሆንም እንደ ሞላ ማለት ነው፣ ከዚያ ወደ ቦታው ልመለስ እያለ ሁለቱን ብረቶች ጨምቆ ይይዛቸዋል። ከላላ ብረቶቹ ይንሸራተታሉ፣ ንዝረቱ ሁሉ ቡሎኑ ላይ ያርፋል፣ ቡሎኑም እየደከመ ይሄድና አንድ ቀን ይበጠሳል። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ ተለጥጦ ይቀራል፣ ወይም እጃችሁ ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ አውሮፕላን ላይ «በደንብ ጠብቋል» የሚባል ነገር የለም፣ ቁጥር አለ። ለምሳሌ ሩብ ኢንች ውፍረት ላለው ረቂቅ ጥርስ ቡሎን የተለመደው ሠንጠረዥ ከ50 እስከ 70 ኢንች ፓውንድ ይላል፣ በእኛ መለኪያ ከ6 እስከ 8 ኒውተን ሜትር ገደማ። ይሄ ትንሽ ነው! ረጅም ቁልፍ የያዘ ጎረምሳ ሳያስበው ያልፈዋል። ለዚህ ነው የጥብቀቱን መጠን በሚለካ ቁልፍ፣ በቶርክ ሬንች፣ የሚያስሩት።

እኔ በጣም የምወደው ክፍል ግን ጥርስ የሌለው ለስላሳው አንገት ነው። ርዝመቱ ከሚታሰሩት ብረቶች ድምር ውፍረት ጋር እኩል መሆን አለበት። ብረቶቹ ወደ ጎን ሲጎተቱ ቡሎኑን እንደ መቀስ ሊቆርጡት ነው የሚሞክሩት፣ ይህን ኃይል መሸከም ያለበት ሙሉው አንገት ነው። ጥርሱ ከቀዳዳው ውስጥ ከተቀመጠ ግን ጭነቱ የሚያርፈው በጥርሶቹ መሃል ባለው ቀጭን ስርጉድ ላይ ነው፣ ስንጥቅም የሚጀምረው እዚያ ነው። ብርቱ ጭነት የሚሸከሙት የአውሮፕላን ቡሎኖች ጥርሳቸው ተቆርጦ አይወጣም፣ በመዳመጫ ተጭኖ ነው የሚቀረጸው። የስርጉዱ ታችም ክብ ይደረጋል። ሹል ጥግ ስንጥቅ ይጠራል።

ቡሎኑ ማንነቱን ራሱ ላይ ጽፎ ይይዛል። በአሜሪካው «ኤኤን» በሚባለው መለያ ኤኤን 3 ማለት 3/16 ኢንች፣ ኤኤን 4 ማለት 4/16 ኢንች ውፍረት ነው። የቡሎኑ ራስ ላይ መስቀል ወይም ኮከብ ካለ ብረት ነው፣ ሁለት ሰረዝ ካለ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፣ አንድ ሰረዝ ከሆነ የማይዝግ ብረት ነው።

ዳዶው በንዝረት እንዳይፈታስ? አንዱ መንገድ ልጁም የሚያውቃት፣ ውስጧ ናይለን ያላት ዳዶ ናት። ግን ከ121 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት ስለማትችል ሞተር አካባቢ ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነ ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ይገባል። መጋጠሚያው የሚሽከረከር ከሆነ ደግሞ ሁለቱም አይበቁም፤ አናቱ የተሰነጣጠቀ ዳዶ ይታሰርና በቡሎኑ ቀዳዳ ውስጥ ኮፒሊያ የሚባል ጫፉ የሚታጠፍ ሽቦ ያልፍበታል። እንደ ልማድ ቡሎኑ የሚገባው ራሱ፣ ማለትም ጭንቅላቱ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ፊት ሆኖ ነው። ዳዶው ቢወድቅ እንኳ ቡሎኑ ከቦታው እንዳይወጣ ነው። ይህን ያሰበ ሰው እንዴት ያለ ሰው ነው እላለሁ ሁልጊዜ።

ልጁ «ምን ልዩነት ያመጣል፣ ከገባች ገባች አይደል?» አለኝ። የብሪቲሽ ኤርዌይስ በረራ ቁጥር 5390ን ነገርኩት። ጁን 10 ቀን 1990 እ.ኤ.አ. ከበርሚንግሃም ወደ ማላጋ ሲበር፣ በ17,300 ጫማ ከፍታ ላይ የኮክፒቱ መስታወት ተነቅሎ ወጣ። ካፒቴኑ ከወገቡ በላይ ውጭ ቀረ፣ ባልደረቦቹ እግሩን ይዘው ረዳት አብራሪው ሳውዝሃምፕተን እስኪያሳርፍ ድረስ አልለቀቁትም። ሰውዬው ተረፈ። ሲጣራ መስታወቱ ሲቀየር የገቡት ቡሎኖች ነበሩ ምክንያቱ፦ ከ90ዎቹ 84ቱ በ0.66 ሚሊ ሜትር ቀጥነው ተገኙ፣ የቀሩት 6 ደግሞ አጭር ነበሩ። የገጠማቸው ሰው ከአሮጌው ጋር በዓይኑ አመሳስሎ ነው የመረጣቸው።

ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ቁልፉን አነሳና ያጠበቃትን ቡሎን ፈታት። ወደ ብርሃኑ አዙሮ አያት፣ ከቀዳዳው ጎን አድርጎ ለካት። ጥርሷ እስከ ግማሽ ድረስ ቀዳዳው ውስጥ ነበር የሚገባው።