«ወጣ ማለት» ምንድን ነው? ከጅማ ተነስተን እንየው

ዓርብ ከሰዓት ነው። ሥራ ቦታ አንዱ «ነገ ለምን ወጣ አንልም?» ይላል። ሁሉም እሺ ይላል። ክርክሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ቁርጥ ቤት የተባለ መስሎታል። ሌላዋ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ነው ያሰበችው። ሦስተኛው እግረ መንገዱን እናቱን ሊጠይቅ ፈልጓል። ቃሉን ሁላችንም እንለዋለን፤ የሚገባን ግን ለየቅል ነው።

እኔ ወጣ ማለት የምለው ከከተማ ወጥቶ አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ሌሊት ገጠር መቆየትን ነው። አንድ የቆየ ነገር ይታያል። በእግር ይኬዳል። ከተቻለ ውሃ ዳር ይደረሳል። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ሥራው ላይ ነው።

ሽርሽር አይደለም። ሽርሽር ላይ ዋናው ምግቡና ጨዋታው ነው፤ ቦታው የትም ቢሆን ያስኬዳል። ጉብኝትም አይደለም። ጉብኝት ፕሮግራም አለው፤ በአንድ ቀን አምስት ቦታ ታይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ዘመድ ጥየቃም አይደለም። ዘመድ ቤት የሄደ ሰው «ብላ፣ ጠጣ» ሲባል ይመሽበታል፤ ደጅ እንኳ አይወጣም። ወጣ ማለት ላይ ዋናው መንገዱ ነው። ቦታ መርጦ፣ ቀስ ብሎ፣ በእግር።

በሌላው ዓለም ይህ ነገር ራሱን ችሎ የሚታወቅ ነው። ዌልስ ውስጥ፣ ፔምብሩክሻየር በሚባል አካባቢ፣ የባሕሩን ጠርዝ ተከትሎ የሚሄድ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የእግር መንገድ አለ። በይፋ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። በሁለት ቀን የሚጨርሰው የለም። ሰዎች አንዷን ቁራጭ መርጠው ይሄዳሉ፤ ማታ መንደር ውስጥ ያድራሉ፤ በማግስቱ አንድ አሮጌ ግንብ አይተው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። እኛ ባሕር የለንም። ታሪክ ያለው ኮረብታ፣ የእግር መንገድና ውሃ ግን ጅማ ዙሪያ ሞልቷል።

ከጅሬን ልጀምር። ቅርብ ስለሆነ ብቻ ብዙ የጅማ ልጅ ሳያየው ያደገ ቦታ ነው። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለው እዚያ ኮረብታ ላይ ነው፤ ከመሃል ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ባጃጅ ያደርሳችኋል። እኔ ግን ጉልበት ያለው ሰው በእግሩ ይውጣ እላለሁ። ዳገቱን ስትወጡ ከተማው ከኋላችሁ ቀስ እያለ ይዘረጋል፤ ቆርቆሮው በዛፎቹ መካከል ያብለጨልጫል። አናቱ ላይ ደርሳችሁ ዞር ስትሉ ቤተ መንግሥቱ ለምን እዚያ እንደተሠራ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል። ወደ ጅማ የሚመጣው ሁሉ ከዚያ ይታያል።

ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን ያስተዳደሩት ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ነው። «አባ ጅፋር» የፈረስ ስም ነው፤ ምኒልክን «አባ ዳኘው»፣ ኃይለ ሥላሴን «አባ ጠቅል» እንደምንለው። የምኒልክ ጦር ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲዘምት አባ ጅፋር ጦርነትን አልመረጡም። ገበሩ። በዚህ ምክንያት ጅማ ለብዙ ዓመታት የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ ቆየች። ከኮረብታው ሥር ደግሞ ሂርማታ ገበያ ነበር፤ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ሁሉ የሚገናኝበት። የዛሬዋ ከተማ ያደገችው በዚያ ገበያ ዙሪያ ነው። ይህን እያሰባችሁ ሰገነቱን እዩት። እንጨት ነው። ዓምዱና አጥሩ ላይ የጠራቢዎቹ እጅ እስከ ዛሬ ይታያል። ያው እጅ ዛሬም በጅማ በርጩማ ላይ አለ፤ መቀመጫውም ሦስት እግሩም ከአንድ ግንድ ተጠርቦ ይወጣል፤ ምስማር የለው፣ ማጣበቂያ የለው። የንጉሡን ዕቃዎች ለማየት ከተማ ውስጥ ያለው የጅማ ሙዚየም አለላችሁ። እኔ የምመክረው ግን መጀመሪያ ጅሬንን፣ ቀጥሎ ሙዚየሙን ነው። ቤቱን ያየ ሰው ዕቃውን ሲያይ የት ተቀምጦ እንደነበር ይታየዋል።

የእግር መንገዱ ላይ ስንመጣ ከዌልሱ በጣም የምንለይበት ነገር አለ። እዚያ መንገዱ ምልክት አለው፤ ምሰሶ ተተክሎለት፣ ቀስት ተስሎለት። ጅማ ዙሪያ ያለው መንገድ ምልክት የለውም፤ ሰው የሚኖርበት መንገድ ነው። ገበያ የሚወጡ ሴቶች፣ ከብት የሚነዱ ልጆች፣ መስጊድ የሚሄዱ አዛውንቶች ይሄዱበታል። እናንተ እንግዳ ናችሁ። ስለዚህ ሰላምታ ግዴታ ነው። በኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ» (እንዴት አደራችሁ) ብሎ ማለፍ ማንንም አይከብድም። ከዚያ መንገድ መጠየቅ ነው።

አንድ ጊዜ አጋሮ አካባቢ በአንድ ሰው የቡና ማሳ ዳር እያለፍን ነበር። አጋሮ ከጅማ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ አዛውንት ከዋንዛ ጥላ ሥር ቆመው ያዩናል።

«አባ፣ በዚህ ማለፍ ይቻላል?»

«ማለፉስ ይቻላል። ቡና ሳትጠጡ ግን አይሆንም።»

ቡናው እስኪፈላ ቀይ እሸት ቆርጠው እጄ ላይ አደረጉልኝ። ጫን ሲሉት ቆዳው ይፈነዳል። ሁለቱ ፍሬዎች ተያይዘው ሙልጭ ብለው ይወጣሉ፤ ላያቸው ያጣብቃል፣ ሲልሱት ይጣፍጣል። ዕድሜዬን ሙሉ ቡና ጠጥቼ ቡና ጣፋጭ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። መኪና ውስጥ ሆነን ብናልፍ ኖሮ ይህ አይገኝም ነበር። ወጣ ማለት ምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ ይህችን ነው የማወራው።

እዚያው ጎማ ወረዳ ውስጥ ጮጬ አለች። የአካባቢው ሰው ቡና የተገኘው እዚህ ነው ይላል። ከፋዎች ደግሞ ማንኪራ ነው ይላሉ። በዚህ አልዳኝም። የአረቢካ ቡና መነሻ ይህ የደቡብ ምዕራብ ደን መሆኑ ግን የታወቀ ነው፤ ከሁለቱ በአንዱ በኩል ስትራመዱ በመነሻው ላይ እየተራመዳችሁ ነው። ስሞቹንም ልብ በሏቸው። ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ፣ ሊሙ ዛሬ ወረዳ ብለን የምንጠራቸው ስሞች ናቸው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ከጅማ ጋር አምስቱ የጊቤ መንግሥታት ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ንጉሥ ነበራቸው።

ጫካ የሚወድ ሰው ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ይሂድ። የበለጤ ጌራ ደን እዚያ ነው። ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር በራሱ የበቀለ ነው። ጉሬዛው ነጭ ጅራቱን አንጠልጥሎ ከላይ ያያችኋል። ቀና ካላችሁ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎም ታያላችሁ፤ ባለቤት አለው፣ አትንኩት። ወደ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ የአካባቢውን ልጅ ይዛችሁ ግቡ፤ ለልፋቱም ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ውሃ ዳር ከተባለ ለጅማ ቅርቡ ቦዬ ነው። ረግረግና ውሃ ነው፤ ወፍ ይበዛበታል፤ ጉማሬም አለ። ማልዳችሁ ሂዱ። ጉማሬ ከሩቅ ሲያዩት የተኛ ድንጋይ ይመስላል፤ በጣም አደገኛ እንስሳ ነው። ማታ ማታ ለግጦሽ ከውሃ ስለሚወጣ ሲጨልም ዳር ላይ መቆየት አይገባም። በእርሱና በውሃው መካከል መቆም ደግሞ በፍጹም! የግልገል ጊቤን ሰው ሠራሽ ሐይቅ ግን ከአዲስ አበባ መንገድ ላይ ሆናችሁም ታዩታላችሁ፤ ለብቻው ጉዞ አያስፈልገውም።

መቼ? ጅማ ዝናቧን ታውቋታላችሁ። ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ቦቲ የሌለው አይሞክረው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ነው፤ ቀይ እሸቱ ዛፍ ላይ፣ ከነገለባው የሚደርቀው ጀንፈል ማድረቂያ አልጋ ላይ ይታያል። ሰዉ ሥራ ላይ ስለሆነ ግን ከመንገድ ዘወር በሉለት። እኔ ከሁሉ የምመርጠው የበጋው የመጀመሪያ ዝናብ የጣለ ሰሞን ነው፤ የካቲት፣ መጋቢት አካባቢ። ከዝናቡ ጥቂት ቀን በኋላ ቡናው በአንድ ጊዜ ያብባል። ማሳው ነጭ ይሆናል፤ ሽታው መንደር ውስጥ ሳትገቡ ይቀበላችኋል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይረግፋል። ስለዚህ ገጠር ዘመድ ወይም ወዳጅ ካላችሁ «ሲያብብ ደውሉልኝ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጡ ከሆነ ሩቅ አትመኙ። ቅዳሜ ጠዋት ጨጨብሳ በልታችሁ፣ ውሃ ይዛችሁ፣ በ1 ሰዓት ወደ ጅሬን ዳገቱን ጀምሩ። ቤተ መንግሥቱ ክፍት መሆኑን ግን አርብ ላይ ጠይቁ። አጠገቡ መስጊድ ስላለ አለባበሳችሁ ጨዋ ይሁን። ስትመለሱ በመጣችሁበት መንገድ አትውረዱ፤ ሌላ መንገድ ሰው ጠይቁ። እንዳትቸኩሉም ሰዓቱን ሰፋ አድርጉት፤ አንዱ ቤት ቡና መጠራታችሁ አይቀርም።