ለአካታችነት የሚደረግ የመምህራን ሙያ ማሻሻያ ምንድን ነው?

እንዲህ እንበል። መምህርቷ ጥያቄ ጠየቀች። ከፊት ረድፍ አራት ልጆች እጃቸውን አወጡ። አንዱን ጠራች፤ መለሰ፤ «ጎበዝ!» ብላው ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፈች። እነዚያው አራቱ ተራ በተራ ሲመልሱ፣ የቀሩት ትንፍሽ ሳይሉ ደወል ተደወለ። መምህርቷ ክፉ ሰው አይደለችም። የትኛውንም ልጅ ልበድል ብላ ወደ ክፍል አልገባችም። ብትጠየቅ «እኔ ልጆቼን አላበላልጥም» ትላለች፤ የምትለውም ከልቧ ነው።

ለፍትሐዊነትና ለአካታችነት የሚደረግ የመምህራን ሙያ ማሻሻያ የሚነሳው መምህሩ በልቡ በያዘው ሐሳብና ክፍሉ ውስጥ በሚሆነው ነገር መካከል ካለው ከዚህ ክፍተት ነው። ሲፈታም፣ መምህራን በሥራ ላይ እያሉ የትኛው ልጅ እየተማረ፣ የትኛው እየቀረ እንደሆነ ማየት የሚለማመዱበት፣ ባዩት መሠረትም የማስተማር ልማዳቸውን የሚያርሙበት ተከታታይ ሥራ ነው። መምህራን «ተሙማ» እያሉ አሳጥረው ከሚጠሩት ከተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ተነጥሎ የቆመ ሌላ ፕሮግራም አድርጎ ማሰብ አያስፈልግም። ያው ተሙማ «ማን እየቀረብን ነው?» የሚል ጥያቄ ሲገባበት ነው።

ቃላቱን እንለይ

እኩልነትና ፍትሐዊነት ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። እኩልነት ለሁሉም ያንኑ መስጠት ነው፤ ፍትሐዊነት ደግሞ ለእያንዳንዱ የሚማርበትን መስጠት። አንድ ዓይነት የፈተና ወረቀት፣ በአንድ ዓይነት ደቃቅ ፊደል ታትሞ፣ ለክፍሉ ሁሉ ለ1 ሰዓት ቢታደል ፈተናው እኩል ነው። ዓይኗ አጥርቶ የማያይላት ተማሪ ግን የሰዓቱን ሲሶ ያጠፋችው ፊደል በመለየት ነው፤ በሒሳብ ፈተና የተፈተነው ዓይኗ ሆኗል። ፊደሉን አጉልቶ ማተም ወይም ደቂቃ መጨመር ጥያቄውን አያቀልላትም፤ ከጥያቄው ጋር ያገናኛታል።

እዚህ ላይ «አምስት ጣት እኩል አይደለም» የምትለዋን አባባል የሚመዙ መምህራን አሉ፤ ልጆች ሲፈጠሩም ይለያያሉ፣ ምን ይደረግ ለማለት። አባባሏ እውነት ናት። ግን ጓንት ሰፊውን ጠይቁት፦ ጣቶች እኩል ስላልሆኑ ለየጣቱ ልክ ያወጣል እንጂ ትንሿን ጣት ውጭ አያስቀራትም።

አካታችነትም ከመግባት ይለያል። ልጁ ተመዘገበ፣ መቀመጫ ተሰጠው፣ ስሙ ስም መጥሪያው ላይ ሰፈረ፤ ይህ መግባት ነው። ከዚያ በኋላ እንዲለወጥ የሚጠበቀው ልጁ ብቻ ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ እንደነበረ ከቀጠለ፣ አካቶ ገና አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1994 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በስፔኗ የሳላማንካ ከተማ 92 መንግሥታትና 25 ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ተሰብስበው ያወጡት መግለጫ ሐሳቡን ከዳር ወደ መሐል አምጥቶታል፤ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ሁሉ፣ ያሉበት ሁኔታ ምንም ይሁን ምን፣ ይቀበሉ አለ። በ2006 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 24 አካታች ትምህርትን የመንግሥታት ግዴታ አደረገው። ከዚሁ አንቀጽ ብዙ የማይነበበው ንዑስ ቁጥር 4 ነው። መንግሥታት የምልክት ቋንቋና ብሬል የሚያውቁ መምህራንን፣ አካል ጉዳተኛ መምህራንን ጨምሮ፣ እንዲቀጥሩና በየደረጃው ያሉ የትምህርት ባለሙያዎችን እንዲያሠለጥኑ ያዛል። የመምህራን ሥልጠና ከሕጉ ውስጥ ያለ እንጂ በኋላ የተለጠፈ ነገር አይደለም።

ጉዳዩ በአካል ጉዳት አያበቃም። ቤቱ የሚነገረው ቋንቋ ከመማሪያው የተለየበት ልጅ፣ ከወንዶቹ ጋር ስትሆን ዝም የምትል ልጃገረድ፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ በዓመቱ አጋማሽ የመጣ ተማሪ፣ ደብተር መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ ልጅ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው። በ2015 የጸደቁት ዘላቂ የልማት ግቦች አራተኛው «አካታች» እና «ፍትሐዊ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አንድ ላይ ያስገባውም በዚህ ስፋት ነው።

ለምን መምህሩ?

ሕግም ሕንፃም ያስፈልጋል። ዊልቸር የሚያወጣ መወጣጫ ግን ልጁን የሚያደርሰው እስከ በሩ ነው፤ ከበሩ በኋላ ያለው የመምህሩ ነው። ደግሞም የመምህሩ ሥራ ከምናስበው በላይ በጥቃቅን ነገሮች ላይ ይወድቃል።

ከጥቃቅኖቹ አንዱ ዝምታ ነው። አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው በ1970ዎቹ የክፍል ውስጥ ንግግሮችን በቴፕ እየቀዳች ስታጠና፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ደካማ ተብለው ለሚታሰቡት ተማሪዎች ደግሞ ከጎበዞቹ ያነሰ ጊዜ ይሰጣል። ማሰቢያ ጊዜ ይበልጥ የሚያስፈልገው ልጅ ያነሰ አገኘ ማለት ነው፤ ማንም ሳያስበው። ጥበቃው ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲል መልሶቹ ረዘሙ፣ ዝም የሚሉት ቀነሱ፣ «አይችሉም» የተባሉ ልጆች መናገር ጀመሩ። 3 ሰከንድ ኢምንት ይመስላል። ክፍል ፊት ለፊት ቆሞ የሞከረው ሰው ግን እንዴት እንደሚረዝም ያውቃል።

ሌላው ግምት ነው። በ1960ዎቹ ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጃኮብሰን ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመምህራን የተወሰኑ ልጆችን ስም ሰጥተው «ፈተናው እንዳሳየው እነዚህ ዘንድሮ ይመነደጋሉ» አሏቸው። ስሞቹ በዕጣ የወጡ ነበሩ። ዓመቱ ሲያልቅ ከዝርዝሩ ውስጥ በተለይ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ከሌሎቹ የበለጠ መሻሻል አሳዩ። በ1968 ይፋ የሆነው ይህ ጥናት ብዙ ትችት ደርሶበታል፤ የውጤቱ መጠን የተጋነነ እንደሆነ የሚከራከሩ አሉ፤ ኋላ የመጡ ጥናቶችም ያነሰ ውጤት ነው ያገኙት። እኔም በልኩ ብንይዘው ደስ ይለኛል። ቢሆንም የሚጠራው ማን እንደሆነ፣ ማን ፊት ቆሞ እንደሚጠበቅ፣ የማን ስሕተት በፈገግታ እንደሚታለፍ የሚወስነው ይህ ግምት መሆኑን ለመቀበል ቁጥሩ መግዘፍ የለበትም።

አዳራሽ ሰብስቦ መንገር ለምን አይበቃም?

የተለመደው መንገድ ይታወቃል። መምህራን አንድ ቀን አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ አሠልጣኙ ስለ መከባበርና ስለ ብዝኃነት ይናገራል፤ ስላይዶቹ ያልፋሉ፤ ሁሉም ፈርሞ ይወጣል። ተቃውሞ የለም፤ ጭብጨባም አለ። ሰኞ ጠዋት ግን እነዚያው አራት ልጆች እጃቸውን ያወጣሉ። ከአንገት በላይ የተቀበልነው ነገር እጃችን ላይ አይደርስም።

ጥናቱም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰዎች ሳያውቁት የሚይዙትን አድልዎ ለመለወጥ የተደረጉ 492 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ በ2019 የወጣ ትንተና፣ በፈተና የሚለካው የውስጥ ዝንባሌ በመጠኑ ሊለወጥ ቢችልም ያ ለውጥ ባሕርይን ይዞ ሲሄድ እንዳልታየ ደምድሟል።

ታዲያ ከየት ይጀመር? እዚህ ላይ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው አሜሪካዊው ቶማስ ጉስኪ በ1986 ያቀረበው ሐሳብ ነው። ሥልጠናዎች የሚዘጋጁት በቅድሚያ የመምህሩን እምነት ለውጠን፣ ከዚያ አሠራሩ ይለወጣል፣ ከዚያ ተማሪው ይሻሻላል በሚል ነው። ጉስኪ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው፦ መምህሩ አዲስ አሠራር ይሞክራል፤ ተማሪዎቹ ላይ ለውጥ ያያል፤ ያኔ ነው እምነቱ የሚከተለው። «ይህ ልጅ አይችልም» የሚል መምህር በክርክር አይረታም። 3 ሰከንድ ጠብቆ ልጁ ሲመልስ የሰማ ዕለት ግን ማንም ሳይከራከረው ራሱ ይጠራጠራል።

እውነቱን ለመናገር ግን አጭር ሥልጠና ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በካሊፎርኒያ በአምስት መካከለኛ ትምህርት ቤቶች የተደረገና በ2016 የታተመ ሙከራ፣ የሒሳብ መምህራን ተማሪን በመቅጣት ፈንታ ችግሩን በተማሪው ዓይን ስለማየት አጭር የኦንላይን ልምምድ እንዲሠሩ አድርጎ ነበር። በዓመቱ ውስጥ ከትምህርት የታገዱ ተማሪዎች ልምምዱን ባልሠሩት መምህራን ዘንድ 9.6 በመቶ ሲሆኑ፣ በሠሩት ዘንድ 4.8 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልብ በሉ፤ ልምምዱ ስለ ሁሉም ነገር አልነበረም። ልጅ ሲያጠፋ ምን አደርጋለሁ በሚለው በአንዱ ቅጽበት ላይ ያነጣጠረ ነበር። መምህራኑም «አድሏዊ ናችሁ» አልተባሉም፤ የራሳቸውን ልምድ እንዲጽፉ ነው የተጠየቁት።

ሥራው ሲሠራ ምን ይመስላል?

ቀላሉን ላስቀድም። ሁለት መምህራን ይጣመራሉ። አንዷ ስታስተምር ሌላው ከኋላ ይቀመጣል፤ እጁ ላይ የመቀመጫ ንድፍ የሠራበት ወረቀት ብቻ ይዞ። መምህርቷ ልጅ በጠራች ቁጥር በልጁ ቦታ ላይ አንድ ጭረት ያደርጋል፤ ጠርታ ሳትጠብቅ ካለፈች ክብ ያደርግበታል። አስተያየት አይጽፍም፤ ደረጃ አይሰጥም። ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ ወረቀቱን ለእሷ ይሰጣታል። ወረቀቱ ላይ አንድ ጥግ በጭረት ጠቁሮ፣ ሌላው ጥግ ነጭ ሆኖ ሲታይ «አላበላልጥም» ለምትለው መምህርት መልስ የሚሰጣት ወረቀቱ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ቦታ ይለዋወጣሉ። ይህ ልውውጥ ወሳኝ ነው፤ አንዱ ሁልጊዜ የሚያይ፣ ሌላው ሁልጊዜ የሚታይ ብቻ ከሆነ ነገሩ ሱፐርቪዥን ይሆናል፣ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ደግሞ ሁላችንም ለይስሙላ ማስተማር እናውቅበታለን።

ጃፓናውያን ይህን የመሰለ ልማድ ከመቶ ዓመት በላይ ይዘው ኖረዋል። መምህራን አንድ ትምህርት አብረው ያቅዳሉ፤ አንዱ ሲያስተምረው ሌሎቹ ያያሉ፤ ከዚያ ትምህርቱን ይገመግሙታል። የሚገመገመው ትምህርቱ እንጂ ሰውዬው አለመሆኑ ቅሬታን ያስቀራል። ዓይናቸውም ልጆቹ ላይ ነው።

ሌላው መንገድ ልምድ ያለው ሰው መምህሩን በክፍሉ ውስጥ እየተመላለሰ የሚያግዝበት ኮቺንግ ነው። 60 ጥናቶችን ያጠቃለለ የ2018 ትንተና ኮቺንግ የማስተማር ጥራትን በ0.49፣ የተማሪ ውጤትን በ0.18 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ውጤቶች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳይ መለኪያ) ከፍ እንደሚያደርግ አግኝቷል። ሁለት ነገር ግን አይዘንጋ። ከጥናቶቹ አብዛኞቹ ስለ ንባብ ማስተማር ናቸው፣ ፍትሐዊነትን በቀጥታ አልለኩም፤ ፕሮግራሙ ብዙ መምህራንን ለማዳረስ ሲሰፋም ውጤቱ ይሳሳል።

መምህራኑ የሚለማመዱት ይዘት ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሆኖም ሁለንተናዊ የመማር ንድፍ የሚባለው ብዙ ቦታ ይነሳል። ሐሳቡ ከሕንፃ ሥራ የመጣ ነው። ራሱ በዊልቸር ይንቀሳቀስ የነበረው አርክቴክት ሮናልድ ሜስ ሕንፃ ከመጀመሪያው ለሁሉም ታስቦ ይነደፍ ይል ነበር፤ አልቆ ሳለ መወጣጫ ከመለጠፍ። በ1984 በአሜሪካ የተቋቋመው ካስት የተባለ ድርጅት ይህንን ወደ ትምህርት ዕቅድ አመጣው። መምህሩ ሲያቅድ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ልጆቹ በምን ይሳባሉ፣ ትምህርቱ በስንት መንገድ ይቀርባል፣ ያወቁትን በስንት መንገድ ያሳያሉ? ስለ ውኃ ዑደት ሲያስተምር ሥዕልም፣ ንግግርም፣ በእጅ የሚዳሰስ ነገርም ይዞ ከገባ፣ መልሱንም በጽሑፍ ወይም በቃል ከተቀበለ፣ ለአንዱ ልጅ ብቻ ልዩ ዕቅድ የመጻፍ ሸክሙ ይቀልለታል። ይቀልለታል እንጂ አይጠፋም፤ ብሬል የሚያስፈልገው ልጅ ብሬል ያስፈልገዋል።

የሚያስቸግረው

መምህሩ ላይ የተጫነው ብዙ ነው። ሰፊ ክፍል፣ የሚያልቅ የማይመስል የትምህርት ይዘት፣ ሪፖርት። በዚያ ላይ «አካታች ሁን» ማለት ብቻ ቁጣ ያስነሳል፤ ተገቢ ቁጣ። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ለአቻ ምልከታ ክፍለ ጊዜ ካልለቀቀ፣ ሥልጠናው ከመምህሩ የዕረፍት ሰዓት ላይ የሚነጠቅ ከሆነ፣ አለመጀመሩ ይሻላል ባይ ነኝ። የመምህሩን ልማድ ለማረም የትምህርት ቤቱ ልማድም አብሮ መታረም አለበት።

ሥልጠናው ራሱ ያላካተተ ሲሆን ደግሞ ያሳፍራል። ስለ አካቶ ለማስተማር የተጠራ አዳራሽ ውስጥ መስማት የተሳናት መምህርት ያለ አስተርጓሚ ስትቀመጥ፣ ማየት የተሳነው መምህር «ስላይዱ ላይ እንደምታዩት» ሲባል፣ የተነገረው ሁሉ እዚያው ይፈርሳል። ከአንቀጽ 24 ንዑስ 4 አንፃር እነዚህ መምህራን የሥልጠናው እንግዶች ሳይሆኑ አሠልጣኞቹ ሊሆኑ የሚገባቸው ናቸው።

የጭረቱ ወረቀትም ወሰን አለው፤ ማን እንደቀረ ያሳያል፣ ለምን እንደቀረ አይናገርም። ከሁለት ወር በኋላ ወረቀቱ ሲነፃፀር ነጩ ጥግ ሞልቶ አንድ ልጅ ብቻ አሁንም ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መምህርቷ ያኔ ልጁን ለብቻው ትጠይቀዋለች፤ በክፍሉ ፊት አይደለም። ምናልባት «ቲቸር፣ ወደ ሰሌዳው ዞረው ሲያወሩ አፍዎ አይታየኝም» ይላታል። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ትጽፋለች፣ ጠመኔውን ታስቀምጣለች፣ ዞራ ትናገራለች።