ድህነት በአሜሪካ፦ ሀብት ባደገበት አገር ያልተነቀለ ችግር

የዩናይትድ ስቴትስ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ባወጣው መረጃ መሠረት በ2023 ከአገሪቱ ሕዝብ 11.1 በመቶ የሚሆነው፣ ማለትም 36.8 ሚሊዮን ሰው፣ ከድህነት ወለል በታች ይኖር ነበር። ከ50 ዓመት በፊት፣ በ1973፣ የተመዘገበው አሐዝም ይኸው 11.1 በመቶ ነበር። በእነዚህ 50 ዓመታት ውስጥ የአገሪቱ የነፍስ ወከፍ ምርት የዋጋ ንረቱ ተቀናንሶ እንኳ ከእጥፍ በላይ አድጓል። የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ሀብቱ እንዲህ ሲያድግ ድህነቱ ለምን አብሮ አልጠፋም የሚለው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አለካኩ

ዛሬም የሚሠራበት የድህነት ወለል የተቀመረው በ1963 እና በ1964 ሲሆን ቀማሪዋ በማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ውስጥ ትሠራ የነበረችው ሞሊ ኦርሻንስኪ ናት። በ1955 የተደረገ ጥናት ሦስትና ከዚያ በላይ አባላት ያሉት ቤተሰብ ከገቢው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ለምግብ እንደሚያወጣ አሳይቶ ነበር። ኦርሻንስኪም የግብርና ሚኒስቴር ለችግር ጊዜ ያዘጋጀውን እጅግ ቆጣቢ የምግብ ወጪ ዕቅድ ወስዳ በሦስት አባዛችው። መንግሥት በ1969 ይህን ስሌት ኦፊሴላዊ መለኪያ አደረገው፤ ከዚያ ወዲህ የተደረገበት ዋነኛ ለውጥ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር ማስተካከል ብቻ ነው።

የመለኪያው ጉድለት ብዙ ጊዜ ተነሥቷል። ዛሬ የቤተሰብን ኪስ የሚያራቁተው ከምግብ ይልቅ የቤት ኪራይ፣ የሕክምናና የልጅ መዋያ ወጪ ነው። በሌላ በኩል መለኪያው መንግሥት በምግብ ድጎማና በታክስ ተመላሽ መልክ የሚሰጠውን ድጋፍ እንደ ገቢ አይቆጥርም። በዚህ የተነሣ ከ2011 ጀምሮ እነዚህን ሁሉ የሚያካትት ተጨማሪ መለኪያ ጎን ለጎን ይታተማል። በአዲሱ መለኪያ ወደ ኋላ ተመልሰው ያሰሉ ተመራማሪዎች ድህነቱ ከ1960ዎቹ ወዲህ በጉልህ መቀነሱን ያስረዳሉ። ስለዚህ «በ50 ዓመት ምንም አልተለወጠም» የሚለው አባባል በጥንቃቄ መወሰድ አለበት፤ አብዛኛው መሻሻል የመጣው በመንግሥት ድጋፍ እንጂ በሠራተኛው ደመወዝ ዕድገት እንዳልሆነ ግን መረጃው በግልጽ ያሳያል።

ከ1960ዎቹ በፊት

በ1933 ከሠራተኛው አንድ አራተኛ የሚሆነው ሥራ ፈት በነበረበት ቀውስ መካከል የተጀመረው ለውጥ በነሐሴ 1935 የማኅበራዊ ዋስትና ሕግን አስገኘ። ሕጉ በመጀመሪያ የእርሻና የቤት ሠራተኞችን አላካተተም፤ በመሆኑም ከጥቁር ሠራተኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ውጭ ቀሩ። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ምክንያቱ የደቡብ ግዛቶች እንደራሴዎች ጫና ነው ሲሉ ሌሎች ከእነዚህ ሠራተኞች መዋጮ ለመሰብሰብ አስቸጋሪ ስለነበረ ነው ይላሉ። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል የቤቶች አስተዳደርም የቤት ብድር ዋስትና ሲሰጥ የጥቁሮችን ሰፈሮች ለይቶ ይተው ነበር፤ በዚህ ነጥብ ላይ የሚያከራክር ነገር የለም። ነጩ ቤተሰብ በዝቅተኛ ወለድ ቤት ገዝቶ ለልጆቹ ሲያወርስ የጥቁሩ ቤተሰብ ተከራይ ሆኖ ቀረ። አድልዎውን የከለከለው የቤቶች ሕግ የተፈረመው በሚያዝያ 1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ ነው።

በድህነት ላይ የታወጀው ጦርነት

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በጥር 1964 ለምክር ቤቱ ባደረጉት ንግግር «በድህነት ላይ ያለ ቅድመ ሁኔታ ጦርነት» ማወጃቸውን ገለጹ። ጆንሰን በወጣትነታቸው በቴክሳስ ኮቱላ በምትባል ትንሽ ከተማ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸውን የድሃ ልጆች አስተምረዋል፤ ልጆቹ ቁርስ ሳይበሉ ይመጡ እንደነበር በኋላ ዘመናቸው ደጋግመው አንሥተዋል። በነሐሴ 1964 የጸደቀው የኢኮኖሚ ዕድል ሕግ በሳርጀንት ሽራይቨር የሚመራ አዲስ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሄድ ስታርት የተባለው የሕፃናት ትምህርት፣ ጆብ ኮር የተባለው የወጣቶች የሙያ ሥልጠና፣ ለድሆች የሚቆም ነፃ የሕግ አገልግሎትና የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ተጀመሩ። ለአረጋውያን የሚሆነው ሜዲኬርና ለድሆች የሚሆነው ሜዲኬይድ የተባሉት የጤና መድን ፕሮግራሞችም በ1965 ታወጁ። ሄድ ስታርት በመጀመሪያው ክረምት ብቻ ከ500 ሺህ በላይ ሕፃናትን ተቀብሏል። የአዲሱ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ዓመት በጀት ከ1 ቢሊዮን ዶላር ያነሰ እንደነበር ሊዘነጋ አይገባም።

ከእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ድህነት እንዴት ሥር እንደሚሰድ፣ እንዴትስ ሊነቀል እንደሚችል በተግባር ያሳየው በሚሲሲፒ ዴልታ የተከፈተው ጤና ጣቢያ ነው። አካባቢው ጥጥ አብቃይ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የለቀማ ማሽንና የአረም ማጥፊያ መድኃኒት የሰውን ጉልበት ተኩ። የፌዴራሉ የደመወዝ ወለል ከየካቲት 1967 ጀምሮ በሰዓት 1 ዶላር ሆኖ ለእርሻ ሠራተኞችም ሲፈቀድ የመሬት ባለቤቶቹ ብዙ ሠራተኞችን አሰናበቱ። ለሠራተኛው የወጣው ሕግ ሌላ መተዳደሪያ በሌለበት ቦታ ሥራውን ራሱን አሳጣው። በተመሳሳይ ጊዜ በርካታ ካውንቲዎች (በግዛት ሥር ያሉ የአካባቢ አስተዳደሮች) ትርፍ እህል በነፃ ማደሉን ትተው ወደ ፉድ ስታምፕ፣ ማለትም ወደ ምግብ መግዣ ኩፖን፣ ተሸጋገሩ። ያኔ ኩፖኑ በነፃ አይሰጥም፤ ቤተሰቡ አስቀድሞ በጥሬ ገንዘብ መግዛት ነበረበት። በእጁ ምንም ገንዘብ የሌለው ሰው ለተራቡ በታሰበው ፕሮግራም መጠቀም አልቻለም ማለት ነው። ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ በሚያዝያ 1967 አካባቢውን ጎብኝተው ሆዳቸው የተነፋና ሰውነታቸው የቆሰለ ሕፃናትን ሲያዩ ጋዜጠኞች አብረዋቸው ነበሩ፤ በአገሪቱ ረሃብ መኖሩ ለብዙኃኑ ሕዝብ የተገለጠው ያን ጊዜ ነው። ኩፖኑን በገንዘብ የመግዛት ግዴታ የተነሣው ግን ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1977 በወጣ ሕግ ነው።

ጤና ጣቢያው የተቋቋመው ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች በ1887 በቆረቆሯት በማውንድ ባዩ ሲሆን መሥራቾቹ ዶክተር ጃክ ጋይገርና ባልደረቦቻቸው ነበሩ። ሥራቸውን በ1967 ሲጀምሩ በሕፃናቱ ላይ የሚያዩት በሽታ በአብዛኛው የምግብ እጥረት ያስከተለው ሆኖ አገኙት። ስለዚህ በመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ላይ ወተት፣ ሥጋና አትክልት ይጽፉ ጀመር፤ ታካሚው ወረቀቱን ለባለ ሱቁ ይሰጣል፣ ባለ ሱቁ ለጤና ጣቢያው ያስከፍላል፣ ክፍያውም ከመድኃኒት በጀት ይወጣል። የመንግሥት ኃላፊዎች ይህን ሲቃወሙ ጋይገር የምግብ እጥረት መድኃኒቱ ምግብ እንደሆነ ካነበቡት የሕክምና መጽሐፍ ጠቅሰው መለሱ። ጣቢያው በዚህ ሳይወሰን የውኃ ጉድጓድ አስቆፈረ፣ መጸዳጃ ቤት አሠራ፤ በጆን ሃች አስተባባሪነትም ከእርሻ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች አትክልት የሚያመርቱበት የኅብረት ሥራ ማኅበር ተመሠረተ። ሕመምተኛውን ብቻ ሳይሆን ሕመሙ የመጣበትን ኑሮ ያከመ ተቋም ነበር። በቦስተን ኮሎምቢያ ፖይንት በ1965 ከተከፈተው ጣቢያ ጋር በአርአያነት የሚጠቀስ ሲሆን የእነዚህን ፈለግ የተከተሉት 1,400 ያህል የጤና ተቋማት ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያገለግላሉ።

ሽራይቨር ይመሩት የነበረው መሥሪያ ቤት ዕድሜ ግን አጭር ነበር። የ1964ቱ ሕግ ድሆች በራሳቸው ጉዳይ ላይ «በተቻለ መጠን ሙሉ ተሳትፎ» እንዲኖራቸው ይደነግጋል። ከንቲባዎችና የግዛት ባለሥልጣናት ገንዘቡ እነርሱን ዘልሎ በቀጥታ ለሰፈር ማኅበራት መድረሱን አልወደዱትም፤ በ1967 ምክር ቤቱ ቁጥጥሩን ለአካባቢ መስተዳድሮች የሚመልስ ማሻሻያ አወጣ። የቬትናም ጦርነትም በጀቱን ተሻማ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች የገቢ ወለል የሚያረጋግጥ ሕግ በ1969 ቢያቀርቡም በሴኔቱ አላለፈም። በድህነት ላይ የታወጀው ጦርነት «ከሸፈ» የሚል አባባል ብዙ ጊዜ ይደመጣል፤ ሆኖም በ1959 22.4 በመቶ የነበረው ድህነት በ1973 ወደ 11.1 በመቶ ወርዷል። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ የፕሮግራሞቹ፣ ምን ያህሉ የፈጣኑ የኢኮኖሚ ዕድገት ውጤት ነው የሚለው ምናልባት የማይቋጭ ክርክር ሊሆን ይችላል።

አረጋውያንና ልጆች

በ1959 ከአረጋውያን 35.2 በመቶ የሚሆኑት ድሆች ነበሩ፤ ዛሬ ይህ ቁጥር ወደ 10 በመቶ ገደማ ወርዷል። ለውጡን ያመጣው የጡረታ አበል መጨመሩና በ1972 በወጣ ሕግ ከኑሮ ውድነት ጋር በራሱ እንዲያድግ መደረጉ ነው። አበሉ ለሠራ ሰው ሁሉ የሚከፈል መብት ስለሆነ ማንም ፖለቲከኛ በቀላሉ አይነካውም።

ልጆች ላሏቸው ድሃ ቤተሰቦች የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ በተቃራኒው መንገድ ሄደ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በነሐሴ 1996 የፈረሙት ሕግ የቀድሞውን መብት ሰርዞ የሥራ ግዴታና የ5 ዓመት ጣሪያ አስቀመጠ፤ ገንዘቡም ለግዛቶች በየዓመቱ 16.5 ቢሊዮን ዶላር ሆኖ እንዲመደብ ተደረገ። መጠኑ ከዋጋ ንረት ጋር ስለማያድግ ከዋጋው ከ40 በመቶ በላይ አጥቷል። ግዛቶችም ገንዘቡን ለሌላ ዓላማ ማዋል ስለሚፈቀድላቸው በጥሬው ለቤተሰብ የሚደርሰው ከአንድ አራተኛ ያንሳል። የሕጉ ደጋፊዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ ብዙ ብቸኛ እናቶች ሥራ መያዛቸውንና የልጆች ድህነት ወደ 16 በመቶ መውረዱን ያነሣሉ፤ በዚያው ወቅት ኢኮኖሚው ማደጉና ለዝቅተኛ ደመወዝተኞች የሚከፈለው የታክስ ተመላሽ መጨመሩም ሊታሰብ ይገባል።

ደመወዝ፣ ቤትና ትምህርት ቤት

የፌዴራሉ የደመወዝ ወለል ከሐምሌ 2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ነው። በዚህ ክፍያ ዓመቱን ሙሉ በሳምንት 40 ሰዓት የሠራ ሰው 15,080 ዶላር ያገኛል፤ የ2024 የመንግሥት የድህነት መመሪያ ደግሞ ለአንድ ሰው 15,060፣ ለሁለት ሰው 20,440 ዶላር ነው። አንድ ልጅ የምታሳድግ እናት ሙሉ ጊዜ ሠርታም ከድህነት አትወጣም ማለት ነው። በቲፕ ለሚተዳደሩ ሠራተኞች አሠሪው መክፈል ያለበት ዝቅተኛ ክፍያ ከ1991 ወዲህ 2.13 ዶላር ሆኖ ቀርቷል። ብዙ ግዛቶች ከዚህ የተሻለ ወለል አውጥተዋል፤ 20 ያህሉ ግን በፌዴራሉ መጠን ይሠራሉ።

የቤት ኪራይ ድጎማ ከሚገባቸው ቤተሰቦች የሚያገኘው ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ለዓመታት ወረፋ ይጠብቃሉ። ትምህርት ቤቶች ከገንዘባቸው ጉልህ ድርሻ የሚያገኙት ከአካባቢው የቤትና የመሬት ግብር ስለሆነ ድሃ ሰፈር ድሃ ትምህርት ቤት ይኖረዋል። የሳን አንቶኒዮ ወላጆች ይህን ተቃውመው ያቀረቡትን ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 በ5 ለ4 ድምፅ ውድቅ አድርጎታል። በሕክምናም በኩል ፍርድ ቤቱ በ2012 ሜዲኬይድን ማስፋፋት ለግዛቶች ምርጫ ነው ብሎ በመወሰኑ ሚሲሲፒን ጨምሮ 10 ግዛቶች እስከ 2024 ድረስ አላስፋፉትም።

የ2021 ልምድ

በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ምክር ቤቱ ለልጆች የሚሰጠውን የታክስ ድጋፍ ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወደ 3,600፣ ከዚያ በላይ ላለው ወደ 3,000 ዶላር አሳድጎ ገቢ ለሌላቸው ወላጆችም ፈቀደ። ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ 2021 ክፍያው በየወሩ ወደ ባንክ ሒሳባቸው ገባ። በተጨማሪው መለኪያ የልጆች ድህነት ከ9.7 ወደ 5.2 በመቶ፣ እስከዚያ ወደተመዘገበው ዝቅተኛ መጠን፣ ወረደ። ሕጉ ሳይታደስ ሲቀር በ2022 ወደ 12.4 በመቶ አሻቀበ። ተቃዋሚዎቹ ወጪውንና ሰዎችን ከሥራ ያርቃል የሚለውን ሥጋት አቅርበዋል፤ በክፍያው ወራት ግን የወላጆች ሥራ በጉልህ አልቀነሰም። የአንድ ዓመት ሕግ የልጆችን ድህነት በግማሽ ያህል ሊቀንስ ከቻለ፣ ችግሩ መፍትሔ አልተገኘለትም ማለት ያስቸግራል።

ድህነት የጸናባቸው አካባቢዎች

ለ30 ዓመታት ያለማቋረጥ ከነዋሪው 20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ድሃ የሆነባቸው ካውንቲዎች ከ300 በላይ ሲሆኑ አብዛኞቹ በሚሲሲፒ ዴልታ፣ በደቡቡ የጥጥ ቀበቶ፣ በአፓላቺያ ተራሮች፣ በቴክሳስ የድንበር ወረዳዎችና ለነባር ሕዝቦች በተከለሉ መሬቶች ይገኛሉ። በብዙዎቹ ዘንድ መሬቱ ወይም ማዕድኑ ከነዋሪው እጅ ወጥቶ ቆይቷል። በዌስት ቨርጂኒያ የምትገኘው የማክዳወል ካውንቲ በ1961 የፉድ ስታምፕ ሙከራ የተጀመረባት ናት፤ በ1950 ወደ 100 ሺህ የሚጠጋው ሕዝቧ የከሰል ሥራ ሲቀንስ ተበትኖ በ2020 ከ20 ሺህ በታች ሆኗል። የድንጋይ ከሰሉ ለአገሪቱ ብረት ፋብሪካዎች ሲጫን ትርፉ ከካውንቲዋ ውጭ ወዳሉ ባለቤቶች ሄዷል። ከ2009 ወዲህ በአንዳንድ የፌዴራል ፕሮግራሞች ውስጥ ከገንዘቡ ቢያንስ 10 በመቶ ለእነዚህ ካውንቲዎች እንዲውል የሚያዝ ደንብ ይሠራበታል።