ሄድ ክሊኒንግ ምንድን ነው?

«ሄድ ክሊኒንግ አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግመህ አሠራው፤ ይስተካከልልሃል።» ይህን ምክር ስንት ጊዜ እንደሰማሁ መቁጠር ከተውኩ ቆይቻለሁ። ሄድ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚረጨው የፕሪንተር ክፍል ነው፤ ሄድ ክሊኒንግም ይህ ክፍል እንዲጸዳ ተብሎ ለፕሪንተሩ የሚሰጠው ትዕዛዝ ነው። ባለፈው ወር ምክሩ የደረሰው ቤቱ ሆኖ የእኅቱን የሠርግ ፎቶ ሲያትም ነጩ ቀሚስ ሮዝ ለሆነበት አንድ ወጣት ነበር። የተባለውን አደረገ፤ ከተባለውም በላይ ደጋገመው። ቀሚሱ ሮዝ እንደሆነ ቀረ። ከፕሪንተሩ የቀለም ገንዳዎች ቀለም ጎደለ። በመጨረሻም ፕሪንተሩ መብራቶቹን እያፈራረቀ ብልጭ ድርግም አድርጎ አልታዘዝም አለ፤ እኔ ዘንድ የመጣውም ያኔ ነው።

መካሪው ክፉ አላሰበም። ያሳሳተው ስሙ ነው። «ክሊኒንግ» ሲባል ማጠብ ይመስላል፤ የሚታጠብ ነገር ደግሞ በደጋገሙት ቁጥር ይበልጥ የሚጠራ ይመስላል። ሄድ ክሊኒንግ ግን ማጠብ አይደለም፤ መሳብ ነው። ይህችን ልዩነት ባለማወቅ ብቻ ደህና የነበሩ ፕሪንተሮች ሲበላሹ ማየት ያንገበግበኛል።

ምሳሌዬ ወጣቱ የያዘው ኤፕሰን ኤል 805 ይሁን። በስድስት ቀለም ያትማል፦ ጥቁር፣ ሳያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ደማቅ ሮዝ)፣ ቢጫ፣ ፈዛዛ ሳያንና ፈዛዛ ማጀንታ። ሄዱ ለእያንዳንዱ ቀለም 90 ቀዳዳዎች አሉት፤ በድምሩ 540። ከቀዳዳው የሚወጣው ትንሹ ጠብታ 1.5 ፒኮሊትር ነው፤ አንድ ፒኮሊትር የአንድ ሊትር ትሪሊዮንኛ እጅ ነው። እንዲህ ባለ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ የሚፈትግ ብሩሽም ሆነ ጨርቅ በፕሪንተሩ ውስጥ የለም። ታዲያ ትዕዛዙ ሲሰጥ የሚሰማው ያ ሁሉ ጉርምርምታ ምንድን ነው?

ከመኪና ቤንዚን በላስቲክ ቱቦ ቀድቶ የሚያውቅ ሰው መልሱን ያውቀዋል። የቱቦውን አንድ ጫፍ ታንኩ ውስጥ ይከታል፤ ሌላውን ጫፍ በከንፈሩ ግጥም አድርጎ ይዞ ይስባል፤ ቤንዚኑ አፉ ሲደርስ ይተፋዋል። ሄድ ክሊኒንግ ይኸው ነው። ሄዱ ሥራ ሲጨርስ በቀኝ በኩል ሄዶ የሚያርፍበት ትንሽ የጎማ ክዳን አለ፤ ከንፈሩ እሱ ነው። ከክዳኑ ጋር የተያያዘች ትንሽ ፓምፕ አለች፤ ጉንጩ እሷ ናት። ክዳኑ ሄዱን ገጥሞ ይይዛል፤ ፓምፗ ትስባለች፤ ቀለሙ ከገንዳው በቀጫጭን ቱቦዎች ተጎትቶ በቀዳዳዎቹ ይወጣል። ከዚያ አንድ የጎማ ምላስ የሄዱን ፊት አንድ ጊዜ ጠረግ ያደርገዋል። የተሳበው ቀለም ወደ ገንዳው አይመለስም፤ ከፕሪንተሩ ሥር ባለ ወፍራም ስፖንጅ ላይ ይተፋል።

ቱቦውን በዓይነ ኅሊናችሁ ያዙልኝ፤ ሌላውንም ሁሉ ያስረዳናል። ከንፈር ካልገጠመ የሚሳበው አየር ብቻ ነው። የክዳኑ ጠርዝ በደረቀ ቀለም ከቆሸሸ ወይም ከተቀደደ ፓምፗ የክፍሉን አየር ስትስብ ትውላለች እንጂ ቀለም አታመጣም። መቶ ጊዜ ቢደጋገም ያው ነው። መድኃኒቱ ክር በማይተው ጨርቅ፣ በተጣራ ውሃ አርጥቦ የክዳኑን ጠርዝ ቀስ አድርጎ መጥረግ ነው። የተጣራ ውሃ ስል ጋራዥ ለባትሪ የሚሸጠው ንጹሕ ውሃ ይሆናል፤ ነገር ግን የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ዕቃ ስለሚሸጥ ጽሑፉን ሳታነቡ አትግዙ።

ታንኩ ከጎደለም ቱቦው አየር ይጠጣል። ገንዳው ላይ ያለው የታችኛው መስመር ለጌጥ አልተሰመረም። ቀለሙ ከዚያ በታች ሲወርድ ቱቦ ውስጥ አየር ይገባል፤ በዚህ ሁኔታ ሄድ ክሊኒንግ ማሠራት አየሩን እስከ ሄዱ ድረስ መጎተት ነው። መጀመሪያ ይሞላ። ጄሪካኑን ከፍ ያደረገ ሰው ደግሞ ቤንዚኑ ሳይስበው እንደሚፈስለት ያውቃል። ከጎን በተገጠመ የውጭ ገንዳ የሚጠቀሙ ሰዎች «ቀለሙ ቶሎ እንዲደርስ» ብለው ገንዳውን ፕሪንተሩ ላይ ሲሰቅሉት የሚሆነው ይህ ነው፤ ቀለሙ በቀዳዳዎቹ ተንጠባጥቦ ወረቀቱን ያበላሻል፤ ቀለማቱም እርስ በርስ ይቀላቀላሉ። ገንዳው ፕሪንተሩ ከቆመበት ጠረጴዛ ላይ፣ እኩል ይቀመጥ።

ምሳሌው የሚቆምበትም ቦታ አለ። ቤንዚን አንዴ ከተሳበ በራሱ ይወርዳል፤ ቀለም ግን ቀዳዳው ጫፍ ላይ ደርሶ በራሱ ስስ ገጽ ተይዞ መቆም አለበት። ያ ስስ ገጽ ከተረበሸ ወይም ከጀርባው አረፋ ከገባ ቀዳዳው አይተኩስም። በላይ በላዩ መሳብ ደግሞ አረፋ ይጨምራል። ከስድስተኛው ሄድ ክሊኒንግ በኋላ ከመጀመሪያው የበለጠ ነጭ መስመር የሚያዩ ሰዎች ፕሪንተሩ የሞተ ይመስላቸዋል፤ የታመመው ግን በሕክምናው ነው።

ስለዚህ ከመሳብ በፊት ማየት ያስፈልጋል። የሚታየውም ኖዝል ቼክ ነው፤ እያንዳንዷ አጭር መስመር አንድ ቀዳዳ የሆነችበት፣ እንደ ደረጃ የተሰደረው ሥዕል። አንድ ጊዜ አትሞ መደንገጥ አይበቃም። ሁለት ጊዜ በተከታታይ አትሙና ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ክፍተቱ በሁለቱም ላይ እዚያው ቦታ ከሆነ ቀዳዳው ላይ ቀለም ደርቋል፤ ሄድ ክሊኒንግ የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ አንድ ጊዜ አሠሩና እንደገና እዩ። ክፍተቱ ቦታ እየቀያየረ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ላይ ከላይ በሁለተኛው ላይ ከታች ከሆነ፣ ችግሩ አየር ነው፤ ፕሪንተሩ ይረፍ። አንድ ቀለም ጀምሮ ወደ ታች እየሳሳ ከጠፋ ቀለሙ እየደረሰ አይደለም፤ የገንዳውን መጠን፣ የገንዳውን ቀዳዳ ክዳንና የታጠፈ ቱቦ ተመልከቱ። መስመሮቹ ሁሉ ሙሉ ከሆኑስ? ያን ጊዜ ሄድ ክሊኒንግ ምንም ሥራ የለውም። ምንም። የወጣቱ ኖዝል ቼክ 540ውም መስመር ሙሉ ነበር፤ መካሪው ግን እሱን እንዲያይ አልጠየቀውም።

«እኔ ሁልጊዜ ደጋግሜ ነው የማሠራው፤ ሁልጊዜም ይሠራልኛል» የሚል ይኖራል። አምነዋለሁ። ግን በመካከሉ ምን እንደሆነ ያስታውስ። ሦስት ጊዜ አሠርቶ ተስፋ ቆረጠ፣ ተኛ፣ ጠዋት አንዴ ቢያሠራው ተስተካከለ። የፈወሰው ሌሊቱ ነው። አዲስ የደረሰው ቀለም የደረቀውን ለማለስለስ፣ አረፋውም ቀለሙ ውስጥ ለመሟሟት ጊዜ ይፈልጋሉ። የአምራቹ መመሪያም እንደ ሞዴሉ ጥቂት ሙከራ ካልሠራ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ሳያትሙ መጠበቅ ያዛል። ያን የመመሪያ ገጽ የሚያነበው ሰው ግን ጥቂት ነው።

በመርፌ ቀለም ወይም ፈሳሽ ወደ ሄዱ በኃይል የሚገፉም አሉ። ይህን ፈጽሞ አታድርጉ፤ በውስጡ ያሉት ስስ ክፍሎች ግፊቱን አይችሉም፤ ከተሰነጠቁ ደግሞ አንዱ ቀለም ወደ ሌላው ይገባል። የመስታወት ማጽጃም ሄድ ላይ አይፈሰስ።

እስካሁን የተናገርኩት ኤፕሰን ስለሚጠቀምበት፣ ፒዞ ስለሚባለው ሄድ መሆኑንም ልብ በሉ። በዚህ ዓይነቱ ሄድ ጠብታውን የሚገፋው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚለመጥ ስስ አካል ነው። ካነንና ኤችፒ ግን ቀለሙን በቅጽበት አግለው በእንፋሎት አረፋ ይገፉታል። ሐሳቡ ለካነን የመጣው እ.ኤ.አ. በ1977 የጋለ መበየጃ ቀለም የያዘ መርፌ ነክቶ ቀለሙ ፊጭ ሲል ከታየ በኋላ ነው። በእነዚህ ውስጥ ማሞቂያውን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ቀለሙ ነው። ስለዚህ ነጭ መስመር እየታየ ማተም መቀጠል ከኤፕሰን ይልቅ እዚህ ይከፋል፤ ባዶውን የሚግል ማሞቂያ ይቃጠላል፤ የተቃጠለን ደግሞ የትኛውም መሳብ አይመልሰውም።

አሁን ወደ ሮዙ ቀሚስ። በፎቶ ላይ ነጭ ቀሚስ ነጭ ብቻ አይደለም፤ እጥፋቱና ጥላው የሚሠራው ከፈዛዛ ሳያን፣ ከፈዛዛ ማጀንታና ከጥቂት ቢጫ ሚዛን ነው። ወጣቱ የሞላው የሌላ አምራች ቀለም ነበር፤ የዚያ ቀለም ፈዛዛ ማጀንታ ፕሪንተሩ ከሚጠብቀው ይበረታል። ፕሪንተሩ የሚያውቀው የራሱን ቀለም ልክ ስለሆነ የለመደውን ያህል ጠብታ ይጥላል፤ ሚዛኑ ወደ ሮዝ ያዘነብላል። ይህ የሚስተካከለው ለዚያ ቀለምና ለዚያ ወረቀት ተለክቶ በተሠራ የቀለም ፕሮፋይል፣ ማለትም ከየቀለሙ ምን ያህል እንደሚጣል በሚወስን ፋይል ነው። ፕሮፋይል ከሌለ ቢያንስ የወረቀቱ ዓይነት በትክክል ይመረጥ፤ አንጸባራቂ የፎቶ ወረቀት አስገብቶ «ተራ ወረቀት» የሚለውን መተው ብቻውን ቀለምን ያዛባል።

በርካሽ ቀለም መሙላትን አልቃወምም፤ እኔም እሞላለሁ። የምለምነው የምትሞሉትን እንድታውቁት ነው። ኤል 805 የሚጠቀመው ዳይ የሚባለውን፣ እንደ ስኳር በሻይ የሚሟሟውን ቀለም ነው። ፒግመንት ግን ያልሟሟ፣ የተንሳፈፈ ደቃቅ ዱቄት ነው፤ ሲሰነብት እንደ ጠላ አተላ ይዘቅጣል። ለስኒና ለቲሸርት የሚሆነው ሰብሊሜሽን ደግሞ በሙቀት ወደ ጨርቅ እንዲሻገር የተሠራ ሌላ ነገር ነው። ሦስቱን አትቀላቅሉ። በአንድ ገንዳ ውስጥ የማይስማሙ ሁለት ቀለሞች ቢገናኙ ቱቦው ውስጥ ይረጋሉ። ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው ስትሻገሩ ስድስቱንም ባንድ ጊዜ ቀይሩ፤ የቀድሞውን አስቀድማችሁ አስወጡ። የዳይ ፎቶ በቶሎ በሚደርቀው አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ሲታተም ከአየሩ ኦዞን ጋር እየተገናኘ ይደበዝዛል፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከሆነ መስታወት ይግባለት። «ፎቶዎቼ ደበዘዙ፤ ሄድ ክሊኒንግ ላሠራ?» ያለኝም ሰው ስላለ ነው ይህን የጨመርኩት።

የሚያደርቀው ሌላው ልማድ ፕሪንተሩን በዲቫይደር ማጥፋት ነው። ሄዱ ክዳኑ ላይ በትክክል ገጥሞ ማረፉ የሚረጋገጠው በራሱ ቁልፍ ሲጠፋ ነው። እያተመ መብራት ከጠፋ ሄዱ መንገድ ላይ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ በበጋው ደረቅ አየር አንድ ሌሊት እንዲያ ማደር ብዙ ነው። መብራት ሲመለስ፣ የሚታተም ባይኖርም እንኳ፣ አብሩትና በቁልፉ አጥፉት። ዩፒኤስ ያለው ሰው ከኮምፒውተሩ ጋር ፕሪንተሩንም ያያይዘው። በሳምንት አንዴ ስድስቱም ቀለሞች የሚታዩባትን ትንሽ ፎቶ ማተም ከአንድ ሄድ ክሊኒንግ ያነሰ ቀለም ትፈጃለች፤ ቀዳዳዎቹም አይደርቁም።

የቀረው የተተፋው ነው። ፕሪንተሩ ስፖንጁን አያየውም፤ ምን ያህል ቀለም እንደተፋበት በግምት ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ይቆማል። መብራቶቹ የሚፈራረቁት ያኔ ነው። በፕሮግራም ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሶ «ጠገንኩት» የሚል ባለሙያ አለ፤ ስፖንጁን ካልቀየረ ግን ቀለሙ አንድ ቀን ከሥር ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። የምትገዙት ገና ከሆነ የቆሻሻ ቀለሙ መያዣ ከውጭ ተነቅሎ በአዲስ የሚተካበትን ሞዴል ጠይቁ።

የወጣቱ ስፖንጅ ቀድሞም ሊሞላ ተቃርቦ ነበር፤ የእነዚያ ቀናት መሳብ ጨረሰው። አውጥተን በአዲስ ተካነው፤ ቁጥሩን መለስን፤ ፕሮፋይሉን ለሞላው ቀለም ሠራሁለት። ሄዱን ግን አልነካሁትም።