የጦር ምርኮኛ ምንድን ነው? ከሰማይ የወረደ ጠላትስ?

ቦምብ ሲጥል የዋለ አብራሪ ጄቱ ተመትቶ በጃንጥላ ቢወርድ ምን ይደረግ? ጥያቄውን ፒያሳ ማኪያቶ ይዘው ለተቀመጡ ሰዎች ጣል አድርጉላቸው። «ምን ይደረጋል እንዴ! እሱስ ለማን አዘነ?» የሚል አይጠፋም። አጠገቡ ያለው ደግሞ «ተው እንጂ፣ እጁን ከሰጠ በኋላማ ነውር ነው» ይለዋል። ሕጉ ከሁለተኛው ሰውዬ ጋር ነው።

የጦር ምርኮኛ በአገሮች መካከል በሚደረግ ጦርነት በጠላት እጅ የገባ ወታደር ነው። ወንጀለኛ አይደለም። ወታደር ነውና መዋጋት ሥራው ነው፤ ተዋጋህ ተብሎ አይከሰስም። የሚያዘውም ተመልሶ እንዳይዋጋ ብቻ ነው። ውጊያው ሲያልቅ የሚያዝበት ምክንያት አብሮ ያልቃል፣ ሳይውል ሳያድር ወደ አገሩ መመለስ አለበት። አውቆ ሰላማዊ ሰው ላይ ቦምብ የጣለ ካለ በጦር ወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። ያንን የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው፣ መጀመሪያ የደረሰበት ሰው አይደለም።

ይህን ሁሉ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ነው። 143 አንቀጾች አሉት። ኢትዮጵያ በ1962 ዓ.ም. አጽድቃዋለች።

አብራሪን ለብቻው የምናነሳው በምክንያት ነው። እግረኛ ወታደር አብዛኛውን ጊዜ የሚማረከው በወታደር ነው። አዛዥ አለ፣ ሥርዓት አለ፣ ቢያንስ ይኖራል ተብሎ ይታሰባል። አብራሪ ግን ቦምብ በጣለበት ሰፈር መሃል ሊወድቅ ይችላል። ቀድመው የሚደርሱበት ቤታቸው የፈረሰባቸው፣ ልጅ የሞተባቸው ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ለእሱ ከማንም ምርኮኛ ይልቅ አስፈሪ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች አንደኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ለዚህ ነው አንድ አንቀጽ ሙሉ የመደበለት፣ አንቀጽ 42። አውሮፕላኑ ተመትቶ በጃንጥላ የሚወርድ ሰው አየር ላይ እያለ አይተኮስበትም። የጠላት መሬት ሲረግጥም በግልጽ ውጊያ ካልጀመረ በቀር እጁን እንዲሰጥ ዕድል ያገኛል። ለውጊያ የሚዘል አየር ወለድ ግን በዚህ አይሸፈንም። አየር ወለዱ ወደ ውጊያ እየገባ ነው፤ ያኛው ከውጊያ ወጥቷል።

ከተያዘ በኋላስ? ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የትውልድ ቀኑንና የወታደር ቁጥሩን ይናገራል። ከዚያ ወዲያ አልናገርም ቢል መብቱ ነው፤ ለማስለፍለፍ መግረፍም ማስፈራራትም ክልክል ነው። ደብዳቤ ይጽፋል፣ ይቀበላል። ለሕዝብ መሳቂያ መሳለቂያ ማድረግም አይቻልም። ምርኮኛን አንበርክኮ በስልክ እየቀረጹ ቲክቶክ ላይ የሚለቁ ሰዎች ይህን አንቀጽ ቢያነቡት ጥሩ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ካርድ። ምርኮኛው ካምፕ በገባ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንዱን ለቤተሰቡ፣ አንዱን ጄኔቫ ላለው የምርኮኞች መረጃ ማዕከል ይልካል። ተይዣለሁ፣ አድራሻዬ ይህ ነው፣ ጤናዬ እንዲህ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ለእኔ ግን ከ143ቱ አንቀጾች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው እሱን ነው። ስሙ የተመዘገበን ሰው ማጥፋት ቀላል አይደለም፤ የት አደረሳችሁት ብሎ የሚጠይቅ አለ።

ሕጉ ከሁሉ አጥብቆ የሚከለክለው በቀልን ነው። የእነሱ ሰዎች የእኛን ገደሉ ተብሎ ምርኮኛ አይነካም። በቀል እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ደግሞ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፣ ደጋሃቡር ይበቃል።

ታኅሣሥ 16 ቀን 1928 ቲቶ ሚኒቲ የሚባል ጣሊያናዊ አብራሪ ሊቪዮ ዛኖኒ ከሚባል ባልደረባው ጋር ኦጋዴን ላይ ለቅኝት ይበር ነበር። ደጋሃቡር አካባቢ አውሮፕላኑ ሳይወድ በግዱ አረፈ። ሁለቱም ተገደሉ። እንዴት ሞቱ ሲባል ወሬው አንድ አልነበረም። ጣሊያን ሚኒቲ ተማርኮ፣ ተሰቃይቶ፣ አንገቱ ተቆረጠ አለች። ሲታኮስ ነው የሞተው ያሉም አሉ።

አራት ቀን እንዳለፈ፣ ታኅሣሥ 20፣ የግራዚያኒ አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል የመስክ ሆስፒታል ደበደቡት። ከላይ ወረቀትም በተኑ። ወረቀቱ ምርኮኛ አብራሪ አንገቱን ቆርጣችሁ የመንግሥታትን ሕግ አፍርሳችኋል፣ ምርኮኛ ይከበራል፣ ቅጣታችሁን ታገኛላችሁ ይላል። ስለ ሕግ የሚሰብክ ወረቀት ቀይ መስቀል ካለበት ድንኳን ላይ ከቦምብ ጋር ሲወርድ አስቡት። ከሞቱት አብዛኞቹ ቁስለኞችና በሽተኞች ናቸው፤ ሚኒቲን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ዛሬ ስታዲየም አጠገብ ዋና መሥሪያ ቤቱን የምናየው፣ በአምቡላንሱ የምናውቀው የኛው ቀይ መስቀል ያኔ ከተቋቋመ መንፈቅ እንኳ በቅጡ አልሞላውም ነበር።

ጣሊያን በዚህ አላበቃችም። የመርዝ ጋዙንም በሚኒቲ ሞት ልታመካኝ ሞከረች። ቀኑ ግን አይገጥምላትም። ተከዜ ላይ የራስ እምሩ ጦር ጋዝ የወረደበት ሚኒቲ ከመሞቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። ሙሶሊኒ ለግራዚያኒ ጋዝ እንዲጠቀም በቴሌግራም የፈቀደለት ደግሞ ገና በጥቅምት ነው። ሰበቡ የተገኘው ሥራው ከተሠራ በኋላ ነው ማለት ነው።

ይህ ግን ሚኒቲን የገደሉትን ነጻ አያወጣም። ከተያዘ በኋላ ገድለውት ከሆነ ጥፋት ነው፣ ወራሪም ቢሆን። እንዲህ ስል «ባንዳ» የሚለኝ አይጠፋም። ይበለኝ። ስሙን ዛሬ ከሆስፒታሉ ጋር የምናስታውሰው የጥቁር አንበሳ አርበኞች ማኅበር እንኳ፣ አገሩ ተይዞ ጫካ ገብቶ እያለ፣ ምርኮኛን ማንገላታት በደንቡ ከልክሎ ነበር።

የዘመናችን ምሳሌ ዮርዳኖሳዊው ሙአዝ አል-ካሳስቤህ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 24 ቀን 2014 ኤፍ-16 አውሮፕላኑ ራቃ አካባቢ ወደቀ። የአይሲስ ታጣቂዎች ያዙትና ፎቶውን ለዓለም በተኑ። ዮርዳኖስ እ.ኤ.አ. በ2005 በአማን ሆቴሎች ላይ በደረሰው ጥቃት ሞት ተፈርዶባት የነበረችውን ሳጂዳ አል-ሪሻዊን በእሱ ለመለወጥ ተስማማች፤ ቅድሚያ ግን በሕይወት መኖሩን አሳዩኝ አለች። ማስረጃው አልመጣም። እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 2015 ብረት ፍርግርግ ውስጥ አስገብተው በእሳት ሲያቃጥሉት የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቁ። ዮርዳኖስ ግድያው የተፈጸመው ከአንድ ወር በፊት፣ ጥር 3 ነው አለች። ያ ሁሉ ድርድር በሞተ ሰው ላይ ነበር ማለት ነው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሪሻዊና ሌላ አንድ ፍርደኛ ተሰቀሉ። ሴትዮዋ የተፈረደባት ናት፣ ንጹሕ ነበረች አልልም። ሰዓቱ ግን የፍርድ ሰዓት አይመስልም።

እዚህ ላይ «አይሲስ ምን ሕግ ያውቃል፣ አገር እንኳ አይደለም» ይባላል። አገር ባልሆነ ቡድን እጅ የገባ ሰው፣ ወይም በእርስ በርስ ጦርነት የተያዘ፣ በሕጉ አነጋገር «የጦር ምርኮኛ» አይባልም። አምፆ የተዋጋን ሰው መንግሥት ሊከሰው ይችላል። ነገር ግን አራቱም የጄኔቫ ስምምነቶች የሚጋሩት አንቀጽ 3 አለ። ትጥቁን የጣለ ሰው አይገደልም፣ አይገረፍም፣ አይዋረድም ይላል። መንግሥትም ታጣቂም እኩል ይገደዱበታል።

ወደ ቸርችል ጎዳና እንምጣ። የትግላችን ሐውልት የቆመው በኦጋዴን ጦርነት ለወደቁ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ነው። ሐውልቱ የሚያወራው ስለ ሞቱት ነው። ከሞቱት ሌላ ግን የተማረኩም ነበሩ። ኤፍ-5 ሲያበር የሶማሊያን ሚጎች የጣለው ለገሰ ተፈራ ራሱ ተመትቶ ወርዶ ተማረከ። ሶማሊያ ውስጥ 11 ዓመት ታሰረ። ኦርላንዶ ካርዶሶ ቪያቪሴንሲዮ የሚባል ኩባዊ መኮንንም ጥር 1970 ተይዞ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። ጦርነቱ መጋቢት 1970 አልቋል። ምርኮኛው የተመለሰው ግን መንግሥቱና ሲያድ ባሬ በ1980 ከተስማሙ በኋላ ነው። ሁለቱም አገሮች ስምምነቱን የተቀበሉት ከጦርነቱ በፊት ነበር። «ሳይውል ሳያድር» የሚለው ቃል አሥር ዓመት ሆነ። የሶማሊያ ምርኮኞችም እኛ ዘንድ እንደዚያው ከርመዋል።

ከዚያ ደግሞ ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት መጣ። በዛብህ ጴጥሮስ የሚባለው አብራሪ በደርግ ጊዜ አንዴ በሻዕቢያ ተማርኮ የተለቀቀ ነው። ግንቦት 1990 ማለቂያ ላይ አስመራ ላይ ሚጉ ተመትቶ በጃንጥላ ወረደ፤ ሁለተኛ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ አገሩ አልገባም።

ከጦርነቱ በኋላ በአልጀርሱ ስምምነት የተቋቋመው የካሳ ኮሚሽን የምርኮኞችን ጉዳይ አይቶ በ1995 ውሳኔ ሰጠ። ሁለቱንም ጥፋተኛ አደረገ። ኢትዮጵያ ምርኮኞችን በባዶ እግር በማስኬድ፣ ምግብ በማሳነስና መመለሳቸውን በማዘግየት ተወቀሰች። ኤርትራ ደግሞ በመግደልና በመደብደብ፣ የዓለም አቀፉን ቀይ መስቀል ደግሞ ምርኮኞቹን እንዳይጎበኝ በመከልከል። ኤርትራ የጄኔቫ ስምምነቶችን የተቀበለችው ነሐሴ 1992 ነው፤ ቀይ መስቀል ገብቶ ምርኮኞቹን ማየት የጀመረውም ያኔ ነው። በዛብህ ከተያዘ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።