ቀይ ወይን በዓመት በዓል ማዕድ

በገናና በፋሲካ ማዕድ ላይ የጠላና የጠጅ ቦታ የታወቀ ነው። ቀይ ወይን ግን ዛሬም እንደ እንግዳ ይታያል። ዘመድ ይዞት ይመጣል፣ ቡፌው ላይ ይቀመጣል፣ ሁሉም በልቶ ከጠገበ በኋላ ይከፈታል። ያሳዝናል፤ ወይን የሚጥመው ከምግቡ ጋር ነውና።

ወይን ለአገራችን አዲስ አይደለም። ወይን ጠጅ የምንለው ቀለም እንኳ ስሙን ያገኘው ከዚሁ መጠጥ ነው። ከፋብሪካዎቹ አንጋፋው አዋሽ ሲሆን፣ ጉደር የሚባለውን ወይኑን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ደግሞ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ዝዋይ (ባቱ) ወይን ተከለ፤ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። እርሻው ዙሪያውን በቦይ ታጥሯል፤ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበት ነው። ሪፍት ቫሊ እና አካሺያ የሚባሉት ወይኖች ከዚያ ይመጣሉ። ከቀይ የወይን ፍሬ ዝርያዎቹ መካከል መርሎ፣ ሲራ እና ካበርኔ ሶቪኞ ይገኛሉ።

ምርጫው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዋጋ ስለሚያይ ነው። መታየት ያለበት ወጡ ነው።

ዶሮ ወጥን እንውሰድ። በርበሬው ያቃጥላል፣ ቁሌቱ ይጣፍጣል፣ ቅቤው ይከብዳል። ቀይ ወይን ውስጥ ከፍሬው ቆዳና ከዘሩ የሚወጣ ታኒን የሚባል ነገር አለ። ያልበሰለ ሙዝ ስንነክስ አፋችንን የሚይዘን ዓይነት ስሜት የሚሰጠው እሱ ነው። ታኒኑ የበዛ፣ አልኮሉም ጠንከር ያለ ወይን ከበርበሬ ጋር ሲገናኝ ማቃጠሉ ይብሳል፣ ወይኑም ይመራል። ስለዚህ ለዶሮ ወጥ ለስለስ ያለ፣ ጣፋጭነት ያለው ቀይ ይሻላል። ጠርሙሱ ላይ «ሚዲየም ስዊት» የሚል ካለ እሱን ማንሳት ነው። «ድራይ» የሚባለው፣ ማለትም ስኳር የሌለው ደረቅ ወይን፣ ለጥብስ፣ ለክትፎና ለበግ ሥጋ ይሁን። ስቡና ቅቤው ታኒኑን ያለሰልሱታል።

ይህን በደንብ ያየሁት ባለፈው ገና እናቴ ቤት ነው። አክስቴ ደረቁን ወይን በባዶ አፏ ቀምሳ ፊቷን ጭምድድ አድርጋ ብርጭቆውን ገፋችው። ትንሽ ቆይታ የበግ ጥብስ ጎረሰችና እንደገና ሞከረችው። ያንኑ ብርጭቆ ጨረሰችው።

መቅመስ ከባድ ሙያ አይደለም። ብርጭቆው ከሲሶው በላይ አይሞላም፤ ለሽታው ቦታ ያስፈልጋል። ከነጭ ነጠላ ፊት ለፊት ያዝ አድርጎ ቀለሙን ማየት፣ ትንሽ አሽከርክሮ ማሽተት፣ ከዚያ ጉንጭ ውስጥ ማንከባለል። የእርጥብ ካርቶን ሽታ ካለው ቡሹ አበላሽቶታል ማለት ነው፤ የሆምጣጤ ሽታ ካለው ደግሞ አየር ገብቶበታል። የመጨረሻው ቅምሻ ከአንድ ጉርሻ ወጥ ጋር ይሁን። እንግዶች ከመቀመጣቸው በፊት ምግብ የሠራው ሰው ይህን ቢያደርግ ከምንም በላይ ይጠቅማል።

ሙቀቱንም አደራ። ቀይ ወይን በቤት ሙቀት ይጠጣል ሲባል የሚታሰበው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው። የበዓል ቀን ወጥ ሲንተከተክበት የዋለ ቤት ከዚያ በላይ ይሞቃል፤ አዳማና ድሬዳዋማ አይነሳ። ከመከፈቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት በቂ ነው። ጣፋጩ ወይን ደግሞ ትንሽ ቢቀዘቅዝ ይወዳል።

በአምቦ ውሃ ወይም በኮካ መቀላቀል የተለመደ ነው፤ የሚወድ ይጠጣው። እኔ ግን አዲስ የተከፈተ ጠርሙስ ቢያንስ አንድ ጊዜ ብቻውን ይቀመስ እላለሁ።

ፋሲካ ላይ ጥንቃቄ ይጨመር። ለ55 ቀን ቅቤና ሥጋ ያልነካ ሆድ በሌሊት ሲፈታ፣ መጀመሪያ ምግብ፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ወይኑ ከዚያ በኋላ። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ አምስት ብርጭቆ ያህል ይወጣዋል፤ ለአሥር ጠጪ ሁለት ጠርሙስ ይበቃል። የማይጠጣውን ሰው «በሞቴ» ብሎ ማስጨነቅ አያስፈልግም። የተረፈው ቡሹ ተመልሶ ተወትፎ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ያህል ይቆያል፤ በማግስቱ ለሚሞቀው ጥብስ ይደርሳል።