ፓኩን ቤት ውስጥ ማርባት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፓኩ የአማዞንና የኦሪኖኮ ወንዞች ዓሣ ነው፤ ዋነኛ ምግቡ ፍሬና ዘር ነው። ሱቅ ውስጥ መዳፍ የማይሞላ ሆኖ ስለሚሸጥ ብዙ ሰው ምን እየገዛ እንደሆነ ሳያውቅ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ምክር ደግሞ ብዙው ስህተት ነው።

«ዓሣ እንደ ገንዳው ልክ ነው የሚያድገው»

ከሁሉም የባሰው ይሄ ነው። ሆደ ቀዩ ፓኩ ከ80 ሴንቲሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ታምባኪ የሚባለው ዘመዱ ወደ 1 ሜትር ይደርሳል፤ ክብደቱም ከ30 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ጠባብ ገንዳ ዓሣውን «በልኩ» አያደርገውም፤ ያቀጭጨዋል። ከራሱ የሚወጣው አሞኒያ የሚባል መርዛማ ቆሻሻ ይጠራቀማል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፣ አከርካሪው ሊጣመም ይችላል። መዞሪያ ሲያጣ አፍንጫው ከመስታወቱ ጋር እየተጋጨ ይቆስላል። ባለቤቱ «ማደጉን አቆመ» ብሎ ይደሰታል፤ ዓሣው ግን እየተሰቃየ ነው። በደንብ ከተያዘ ከ20 ዓመት በላይ የሚኖር ፍጥረት ነው እኮ! 200 ሊትር አኳሪየም የሚበቃው ለጥቂት ወራት ነው። ካደገ በኋላ በብዙ ሺህ ሊትር የሚለካ ኩሬ ይፈልጋል። ይሄ ከሌለ ባይገዛ ይሻላል።

«ፒራኛ ነው፣ ሰው ይበላል»

ፓኩና ፒራኛ የሚባለው ሥጋ በል ዓሣ ዘመድ ናቸው፤ ትንሹ ፓኩም ደረቱ ቀይ ስለሆነ ያምታታል። ልዩነቱ ጥርሱ ላይ ነው። የፒራኛ ጥርስ ሦስት ማዕዘንና ስለታም ነው፤ የፓኩ ግን ቁርጥ የሰው ጥርስ ይመስላል። ወንዙ ሞልቶ ጫካውን ሲያጥለቀልቅ በዛፎቹ መሃል እየዋኘ የጎማ ዛፍ ዘር ይሰብርበታል። ሳያደቅ የዋጠውን ዘር ደግሞ ራቅ ወዳለ ቦታ ወስዶ ይጥለዋል፤ ጫካውን ይዘራል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንማርክ አካባቢ ፓኩ ተያዘ ተብሎ «የወንዶችን ቆለጥ ይነክሳል» የሚል ወሬ ዓለምን ዞሮ ነበር። መነሻው ቀልድ እንደነበር የዓሣ ባለሙያዎች በኋላ ተናግረዋል። በእጅ ማብላት ግን አይመከርም፤ ዘር የሚሰብር ጥርስ ለጣት አይመለስም።

«አትክልት በል ስለሆነ ሌላ ዓሣ አይነካም»

አፉ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ዓሣ ካገኘ ይውጣል። አኳሪየሙ ውስጥ የተተከለውን ተክልማ አይምረውም።

«ከንፈሩ ካበጠ መድኃኒት ይፈልጋል»

ታምባኪ ውኃው ውስጥ ኦክስጅን ሲያንስ ታችኛው ከንፈሩ ያብጥና ወደ ፊት ይወጣል። ኦክስጅን የሚሻለውን የላይኛውን ስስ ውኃ ወደ አፉ የሚስበው በዚያ ነው። አየር ሲያገኝ እብጠቱ ይመለሳል። ስለዚህ መድኃኒት ከመጨመር በፊት የአየር ፓምፑንና ማጣሪያውን ማየት ነው።

«ካስቸገረ ወንዝ ላይ መልቀቅ ነው»

በፍጹም! አሜሪካ ውስጥ በየሐይቁ የሚያዙት ፓኩዎች አብዛኞቹ እንዲህ የተጣሉ ናቸው። የገዙበትን ሱቅ ወይም ትልቅ ገንዳ ያለው ተቋም ይቀበል እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙዎቹ ግን ሞልቶባቸዋል። ቅጠል የሚበላ የደቡብ አሜሪካ ዓሣ የሚወድ ሰው ሲልቨር ዶላር የሚባለውን ዓሣ ይያዝ። የፓኩ ዘመድ ነው፤ 15 ሴንቲሜትር አካባቢ ላይ ይቆማል። ብቻውን ስለሚፈራ አምስት ስድስት ሆኖ ቢያዝ ጥሩ ነው።